ኃይለኢየሱስ ዘዲላ ቀለበት ዳቦ ያመጡባት ቅዳሜ

በሰባት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ አምስት ዓመተ ዓለም፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ባለምድጃው ሰይድ በዲላ ገበያ ዳር እሳት በለኮሰ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ የቡና ጭነት መኪና መንገዱን በሞላበት ሰሞን፣ ዕለቱም ቅዳሜ ሆኖ ጎህ ሲቀድ፣ ትሑት ወየዋህ፣ ሥዩመ መርፌ፣ የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ አሳጣሪ፣ አቶ ኃይለኢየሱስ ልብስ ሰፊው ኮታቸውን ደርበው ለዘመቻ ወጡ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አመለወርቅ ነፍሰ ጡር ነበሩና የሰይድ ቀለበት ዳቦ አማራቸው። ሰይድ ይህን ዳቦ በድሬዳዋ ከአንድ ግሪክ ተምሮ፣ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ነክሮ፣ ኋላም ሰሊጥ ነስንሶ ምድጃ እየከተተ ይጋግረው ነበር። የዲላ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ዳቦ ይቀቀላል ወይ እያለ ሲስቅ፣ መሐሉንስ ማን በላው እያለ ሰይድን ሲከስ ከርሞ፣ በሁለተኛው ዓመት ያለ እርሱ ሻይ አልወርድለት አለ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ቆንጅትም፣ ነፍሰ ጡር ያማራትን ሳታገኝ ገላዋን ከነካች በነካችበት ቦታ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ብለው አስጠነቀቁ። ስለዚህ ወይዘሮ አመለወርቅ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ትራስ ላይ አሳርፈው፣ አፍንጫቸውን ክፉኛ እየበላቸው ሳያክኩ ተቀምጠው አደሩ። ልጃቸው አፍንጫው ላይ ባለሰሊጥ ቀለበት ታትሞበት ሲወለድ ሌሊቱን ሁሉ በአቶ ኃይለኢየሱስ ዓይን ሲዞር አነጋ። ጽንሱ ከብዙ ስለት በኋላ የተገኘ ነበርና ፈሩ፤ መፍራታቸውንም ይህ ጸሐፊ አይደብቅም።

ወእምዝ አቶ ኃይለኢየሱስ ከሰው ሁሉ ቀድመው ከሰይድ ደጅ ደረሱ። ከኋላቸውም ሠራዊቱ ተከተለ፤ መሪጌታ ወልደዮሐንስ ጭራቸውን ይዘው መጡ፤ ወንጌላዊ ይርጋ ከጪጩ በበቅሎ መጡ፤ ጡረተኛው አሥር አለቃ እንግዳ በፒጃማቸው ላይ ኒሻናቸውን ሰክተው መጡ፤ የቀረው ሕዝብ ግን ስሙ አልተጻፈም። ታላቅ ቆሞ ታናሽ አይቀድምምና አቶ ኃይለኢየሱስ ሽበት ባዩ ቁጥር እጅ እየነሡ ይቅደሙ እያሉ፣ ያለ አንዳች ውጊያ ከበሩ ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱም እስከ በቅሎዪቱ ጭራ ድረስ አፈገፈጉ። የቀደሙት ሁሉ ቀለበታቸውን ተቀብለው ከደጁ አግዳሚ ላይ ተሰይመው በሻይ በሉ።

እርሳቸው በመጨረሻ ደፉን ሲረግጡ ቀለበቶቹ በተሰኩበት ሲባጎ ላይ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። በዚያች ሰዓት ጠጅ ጣይዋ ወይዘሮ ካሳነሽ፣ በዕድሜ እናታቸው የሚሆኑ፣ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ገቡ። የአቶ ኃይለኢየሱስ ልብ አይሆንም አለ፤ አንገታቸው ግን አስቀድሞ ጎንበስ ብሎ ነበር። ይቅደሙ አሉ። ወይዘሮ ካሳነሽም በጨዋ ቤት ያደጉ ናቸውና ቀድመኸኝ መጥተህ እንዴት ተደርጎ አሉ። አቶ ኃይለኢየሱስ በሞቴ ሲሉ ወይዘሮ ካሳነሽም በአባቴ አጥንት ሲሉ፣ ሁለቱም ወደ ኋላ ሲገፋፉ፣ ዳቦው ሲቀዘቅዝ፣ የወይዘሮ አመለወርቅ አምሮት ወሬ ቀድሞ የደረሰው ሰይድ የዱቄት ወንፊቱን እንደ ነጋሪት መትቶ አዋጅ አስነገረ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ይህ ቀለበት በትራስ ላይ እጇን ዘርግታ ለምትጠብቀዋ ነው። ከእንግዲህ ይቅደሙ ያለ፣ ከነገ ጀምሮ የትናንት ዳቦ ይበላል።»

አቶ ኃይለኢየሱስም ድል አድርገው፣ መጠቅለያ ወረቀት አልቆ ነበርና ቀለበቱን እንደ ጀግና ቢተዋ በክንዳቸው አጥልቀው ወጡ።

ወዮ ግን፣ ምግብ ይዞ በሰው ፊት ዝም ብሎ የሚያልፍ ማን ነው? ወይዘሮ ካሳነሽ የተሰጣቸውን ተራ መልሰዋልና መጀመሪያ ይቅመሱ ተባሉ፤ አይሆንም ቢሉ በሞቴ ተባሉ፤ ቀመሱ። አግዳሚው ላይ ያሉት የራሳቸውን ጨርሰው ጣታቸውን ይጠርጉ ነበር፤ ቢሆንም ሳይጋብዙ ማለፍ ነውር ነው። መሪጌታ ሁለት ጊዜ እምቢ አሉ፤ አቶ ኃይለኢየሱስ ግን ሁለቴ ብቻ ጠይቆ መተው ስድብ ነው ብለው ሦስተኛ ለመኑ፤ መሪጌታም ባርከው ገመጡ። አሥር አለቃ እንግዳ ለጥርሴ ይከብዳል ብለው ለስላሳውን ጎን መርጠው ቆረሱ። ወንጌላዊ ይርጋ ከአግዳሚው ተነሥተው በቅሏቸው ላይ ወጥተው ስለ ቀለበቱ፣ ስለ ሰይድ፣ ስለሚወለደውም ልጅ ረጅም ጸሎት አድርሰው፣ አሜን ሲባል በጸሎቱ ልክ ወሰዱ። ለምነው ያጎረሱት ራሳቸው ናቸውና የሚከሱት ሰው አልነበራቸውም። ቤታቸው ሲደርሱ ቢተዋው ከክንዳቸው ወርዶ በመዳፋቸው አንዲት ጉርሻ ቀርታ ነበር። አፈሩ።

ወይዘሮ አመለወርቅ ጉርሻዋን ባዩ ጊዜ ዓይናቸው በራ። እጃቸውን ከትራሱ አንሥተው ተቀበሉ። ነገር ግን ወይዘሮ ቆንጅትና ጎረቤቱ ሁሉ እያየ፣ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ የደከመ ባል ፊታቸው ቆሞ፣ ብቻዬን ልብላ ማለት ከየት ይመጣል? ጉርሻዋን ወደ ባላቸው አፍ ዘረጉ፤ በሞቴም አሉ። ከሚስት እጅ የመጣ ጉርሻ እንደማይመለስ አገር ያውቃል፤ የአቶ ኃይለኢየሱስም ከንፈር በልማዱ መከፈት ጀመረ። ያን ጊዜ ቀና ብለው ቆመው፣ በዘመናቸው አሰምተውት የማያውቁትን አዋጅ አሰሙ፦

«ስሚ። ለመሪጌታ ጎንበስ ብያለሁ፤ ለወንጌላዊውም፣ ለአሥር አለቃውም። ይህችን ግን አልጎርስም። እምቢ። ያንቺና የልጄ ናት።»

ጎረቤቶቹ ደነገጡ፤ ወይዘሮ ቆንጅት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ወይዘሮ አመለወርቅ ቅር ሊላቸው ነበር፤ የባላቸውን ዓይን ባዩ ጊዜ ግን ገባቸው። ጎረሱ፤ ቀስ ብለው አኝከው ዋጡ።

እነሆ ኃይለኢየሱስ ዘዲላ፣ መፍቀሬ ብእሲቱ፣ ዝናው ከጪጩ እስከ ሬኮ የተሰማ! ሌሎች ጎሽ ጥለው ይዘፈንላቸዋል፤ አንበሳ ገድለው ጎፈር ይሰካላቸዋል። እርሳቸው ግን በሰው ሁሉ ፊት አፋቸውን ገጥመው ቆሙ፤ ልጃቸው ሳይወለድም አባት ሆኑ።