የሰልቪ ዱቄትና የሻወሩ በር

በር ያለው ሰው ስለ በር አያስብም። እናንተም ዛሬ ጠዋት ቁልፏን ቀጭ አድርጋችሁ፣ ውሃውን ለቃችሁ፣ እያንጎራጎራችሁ ነው የታጠባችሁት። ይመቻችሁ! እኔ ፊደል በቅጡ ሳልጨርስ የቀረሁ ሴት ነኝ፤ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሥልጣኔ መጀመሪያው የሻወር ቁልፍ ነው። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ጀርመን አገር፣ ግሪስሃይም ሰፈር፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ እኛ ስደተኞች በምንኖርበት ሃይም የሴቶቹ ሻወር ቁልፉ ተሰብሮ ነበር። ኮሪደሩ ደግሞ የወንዱም የሴቱም ነው። ጎረቤቶቼ ከስሪላንካ የመጡ ታሚሎች ናቸው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀው፣ በአልጋና በአልጋ መሃል ነጠላ ጨርቅ ጋርደው ይኖራሉ። ለመታጠብ የሚሄዱት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። አንዷ ስትታጠብ አንዷ በሩን በጀርባዋ ትደግፋለች። ጓደኛ ያጣች፣ ሳትታጠብ ትውላለች። ታላቃቸው ሰልቪ ቤቱን ለሚጠግነው ሃውስማይስተር በተናገረች ቁጥር "ቴርሚን ይያዝለታል" ይላታል፤ ቀጠሮ ማለቱ ነው። ቁልፍም ቴርሚን አለው እንግዲህ።

አንድ ማለዳ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ስሄድ፣ የሻወሩ ደፍ ላይ በነጭ ዱቄት የተሳለ ነገር አየሁ። ነጥብ በነጥብ፣ ክብ በክብ፣ አበባ የመሰለ። የአገሬ ልጅ ደፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ምን እንደሚያስብ ለእናንተ አልነግራችሁም። መተት! ያውም እጅ የሚያስቆረጥም መተት። እኔ ደግሞ ሮደልሃይም ሰፈር አዳራሽ ተከራይተን ስናመልክ፣ የምታወቀው በድምፄ ማማር ሳይሆን በጩኸቴ ነው። እጄን ዘርግቼ "በኢየሱስ ስም ይፍረስ! እሳት! እሳት!" እያልኩ ያንን በር ገሠጽኩት። ፎጣውን አንጠልጥሎ ይመጣ የነበረ አንድ ጎረምሳ ከመንገዱ ተመለሰ።

በሩ ተከፈተ። ሰልቪ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ጥርሷ እስኪታይ እየሳቀች ወጣች።

"አካ!" አለችኝ፤ ታላቅ እህቴ ማለቷ ነው። "እንዴት ያለሽ ዘበኛ ነሽ! ነገም ነይልኝ።"

"ይሄ ምንድነው?" አልኳት ወደ ደፉ እየጠቆምኩ።

"የሩዝ ዱቄት።"

በተሰባበረ ጀርመንኛችን ተግባባን። በአገሯ ሴት ጠዋት ጠዋት ደጇን በሩዝ ዱቄት ታስጌጣለች፤ ለበረከት ነው፣ ጉንዳንም ይበላዋል። የዚያን ዕለት ጓደኛዋ ሥራ ወጥታባታል። ሻወሩ ደፍ ላይ የሳለችው፣ የገባ ወንድ ቢኖር ነጭ ዳናው እስከ ክፍሉ ይመሰክርበታል ብላ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ሰልቪም ዘበኛ ብታጣ ዱቄት ቀጠረች።

በማግስቱ ሄጄ በሩ ላይ ጮህኩላት። ከዚያም ለሌሎቹ። ሰይጣን በሌለበት መገሠጽ እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቁኝ! ሃውስማይስተሩን እያሰብኩ ገሠጽኩ። ሴቶቹ እስኪበቃቸው ታጠቡ፤ ፀጉራቸውንም ተዝናንተው አጠቡ።

ወንዶቹ ግን መረራቸው። "ይቺ ሴትዮ ከዶሮ ቀድማ ትጮሃለች፣ እንቅልፍ አጣን" ብለው አመለከቱ። ሴቶቹ ስለ ገላቸው ሲያመለክቱ ቴርሚን ያጣው ቁልፍ፣ ወንዶቹ ስለ እንቅልፋቸው ባመለከቱ ማግስት መጥቶ ተገጠመ።

እኔ አዳራሻችን ውስጥ "ጸሎቴ ቁልፍ አስገጠመ" ብዬ መሰከርኩ፤ እልል ተባለ። ሰልቪ ደግሞ "ዱቄቴ ነው" ትላለች። ወንዶቹ አልተጠየቁም።

ይኸው ዛሬም ማለዳ ሰልቪ በሬን አንኳኳች።

"አሁንማ ቁልፍ አለሽ አይደል እንዴ?" አልኳት።

"ቁልፍ አይጮህም፣ አካ።"

እውነቷን ነው። ፎጣዬን አነሣሁና፣ አበባዋን እንዳልረግጥባት ቀሚሴን ሰብስቤ ተከተልኳት።