«ወስዷታል እንበል»

የሒሳብ ሊቅ ሲያጽናናችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ፤ ለጠላቴም አልመኝም።

በንጉሡ ጊዜ ነው። የእህቴ የአስካለ ልጅ ውጭ አገር ከዲግሪ በላይ ሒሳብ ያጠና ነበር። ለእረፍት ድሬዳዋ በመጣበት ክረምት፣ እናቱ ከወንዙ ማዶ ቀፊራ ገበያ እንደሄደች፣ ከተማው ላይ ዝናብ ጠብ ሳይል ደቻቱ ወንዝ በደጋው ዝናብ ድንገት ሞላ። ደጃፍ ቆመን የጎርፉን ድምፅ እንሰማለን። እኔ መንገዱን ደጋግሜ አያለሁ።

«አትስጊ አክስቴ፤ ደህና መሆኗን አረጋግጥልሻለሁ» አለኝ መነጽሩን እየጠረገ። «እማዬን ደቻቱ ወስዷታል...»

«እንበል» ሊል ነበር። ሒሳበኞች እውነቱን የሚያገኙት መጀመሪያ ውሸቱን እውነት ነው እንበል ብለው፣ ከዚያ እንደማያስኬድ በማሳየት ነው አሉ። ከሱቋ ደጅ ሆና የሰማችው ጎረቤታችን ፋጡማ ግን እስከ «እንበል» የምትታገስበት ምን ምክንያት አላት?

«ዋይ! አስካለን ወንዝ ወሰዳት!»

ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግልብጥ ብሎ መጣ። ልጁ በለቅሶው መካከል፣ «ቆዩ እንጂ፣ ገና አልጨረስኩም!» ይላል። ማን ይስማው? እኔም እንኳ መሬት ተቀምጬ አለቅሳለሁ።

በዚህ መሃል አስካለ በድልድዩ ዞራ፣ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ደረሰች። ለቅሶውን ስታይ ዘንቢሏን ጥላ ደረቷን ትደቃ ጀመር።

«ማን ሞተብን?»

«ያ አላህ!» አለች ፋጡማ። «አንቺ ነሻ!»

የልጁ ፊት በራ። «ይኸው! አላልኳችሁም?»

እህቴ ነገሩን ሰምታ ስታበቃ ትክ ብላ አየችው።

«ልጄ፣ ሁለተኛ መኖሬን ላረጋግጥ ብለህ እንዳትገድለኝ።»

እኔ ግን እስከ ዛሬ፣ ሰው «እንበል» ሲል ከሰማሁ፣ የሚለውን ከማዳመጤ በፊት እህቴን በዓይኔ እፈልጋለሁ።