ጂፗና ጋቢው

አማርኛችን አንዳንዴ ይዋሻል። «እገሌ ጡረታ ወጣ» እንላለን፤ ሰውየው ግን የወጣበት ቦታ አይታይም። ገባ እንጂ! ሠላሳ ምናምን ዓመት ጠዋት ወጥቶ አመሻሽ ላይ ሲመለስ የኖረ ሰው አንድ ሰኞ ቁርሱን በልቶ፣ ጫማውን ሳያደርግ ተመልሶ ይቀመጣል። ሻይ ይዛችሁ ብቅ ስትሉ አለ። ልብስ ልታሰጡ ስትወጡ አለ። ጎረቤት መጥታ ትንሽ ሰው ልታሙ ስትዘጋጁም ጉሮሮውን ጠርጎ እዚያው አለ። ባል ማግባታችሁን ታውቃላችሁ፤ ይህን ያህል ማግባታችሁን ግን አታውቁም ነበር።

የእኔው ጌታሁን ይባላል። የጋሞ ልጅ ነው፣ ጨንቻ ተወልዶ ያደገ። እኔ ወይንሸት ደግሞ ከደብረ ማርቆስ በልጅነቴ ለማስተማር ተመድቤ መጥቼ፣ «አንድ ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ» እያልኩ እዚሁ ያረጀሁ መምህርት ነኝ። አሁን የምንኖረው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ነው። ጌታሁን ለሠላሳ ሁለት ዓመት የግብርና መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ያን ሁሉ ዘመን መኪና ሲነዳ የራሱ የምትባል ብስክሌት እንኳ ኖራው አታውቅም። ጡረታ በወጣ ቀን ቁልፉን ለንብረት ክፍል አስረከበ፣ ፈረመ፣ በእግሩ ወደ ቤት መጣ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ያህል በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከታች ጫሞን ሲያይ ዋለ። ሐይቁም እሱን ያየዋል። ሁለቱም አይነጋገሩም። አንዳንዴ ብቻ ቀኝ እጁ ሳያስበው ወደ ጎን ይዘረጋና በባዶው አየር ላይ ማርሽ ይቀይራል። እኔ አይቼ እንዳላየ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ሰው የሌለ መኪና ሲነዳ ማየት የሰውን ሕልም በር ከፍቶ እንደመግባት ነው።

አንድ ቀን ላንቴ የምትባል መንደር ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ በርቷል። ከለቅሶ ፊቱ በርቶ የሚመለስ ሰው ደግሞ ያስፈራል።

«ወይንሸት፣ አንድ ነገር አየሁ» አለኝ።

ምን እንዳየ ግን አልነገረኝም። በሳምንቱ አንድ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆሞ፣ ስድስት ሰው እያቃሰተ አንድ ነገር ግቢያችን ውስጥ አወረደ። ጣሪያ የለውም፣ ጎማ የለውም፣ አንድ ዓይኑ ወልቋል። በወንበሩ ላይ ዶሮ ፈልፍላበታለች። ሞተሩ በነበረበት በኩል የማንጎ ችግኝ ቅጠሉን አውጥቶ ዙሪያውን ይመለከታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጂፕ ናት።»

«ነበረች በለኛ!»

አልሰማኝም። በሙዝ እርሻ መሀል ማንጎ ሥር ለስንት ዓመት ተጥላ የኖረችውን ብረት በመዳፉ እያበሰ፣ ለእኔ ካወጣልኝ ስም ሁሉ በሚበልጥ ልስላሴ «አይዞሽ» ይላታል።

እንግዲህ ባሏ ሌላ ሴት የያዘባት ሚስት ምን እንደምታደርግ አገር ያውቃል። ታለቅሳለች፣ ሽማግሌ ትሰበስባለች፣ ጠጉር ትነጫለች። ዘይት የምታንጠባጥብ ጣውንት የመጣችባት ሴት ግን ለማን ትናገር? ለጎረቤቶቼ ብነግራቸው «ተመስገን በይ፣ መጠጥ ቤት ከሚውል ይሻላል» አሉኝ። መጠጥ ቤት እኮ ራዲያተር አይጠይቅም! እኛ ቤት ጣሪያው አርጅቶ ክረምት በመጣ ቁጥር አልጋችን ላይ ያፈሳል። ያን ዓመት ለቆርቆሮ ያስቀመጥነው ገንዘብ ካምቢዮ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ያስቀመጥነው ፍሪሲዮን ሆነ። ጌታሁን ለአንዲት ዕቃ ሲል አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ፣ ሱማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞሮ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዝገት ታቅፎ ይመጣል። ከዝናቡ የሚንጠባጠበውን ውሃ የምቀበልበትን ባልዲ እንኳ አንድ ቀን ፈልጌ አጣሁት። ሞተር ታጥቦበታል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ጡረተኛ ሾፌርንም ጨምሩበት።

ግን እውነቱን ልናገር፤ ለእናንተ ካልተናገርኩ ለማን ልናገር ነው? ያ ጊዜ ክፉ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ሽቅብ ሲመጣ እኔ ሽፈራው ዛፋችን ሥር ተቀምጬ ጥጥ እፈትላለሁ፤ እሱ ከጂፗ ሥር ተኝቶ ይሞርዳል። የእኔ እንዝርት ይሾራል፣ የእሱ ሞረድ ይንሾካሾካል። ከሥር የሚታዩኝ ሁለት እግሮቹ ብቻ ናቸው። አንዳንዴ እንቅልፍ እየወሰደኝ ሲመልሰኝ፣ የሰማሁት ብረት ይሁን ጥጥ፣ ያለሁበት ዘንድሮ ይሁን የዛሬ ሠላሳ ዓመት አላውቀውም። በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ እንደዚያ ዘመን ብዙ ዝም ያልንበት፣ እንደዚያ ዘመንም ዝምታ ያልከበደን ጊዜ የለም።

የፈተልኩት ጥጥ የጋቢ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ ጣቴ ፈትዬ፣ ለአንድ ዶርዜ ሸማኔ ሰጥቼ አሠራሁት። ጥለቱን ሲያሳየኝ ደጋግሜ ዳሰስኩት። በሕይወቴ ለልጅ፣ ለባል፣ ለአማት፣ ለሙሽራ ስሠራ ኖሬ ለራሴ ያሠራሁት የመጀመሪያ ጋቢ ነው። አጥፌ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። አንዳንዴ ብቻ ከፍቼ አሸተዋለሁ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ገበያ ሄድኩ። እኔ ገበያው ያለበት ሲቀላ ሰፈር ሳለሁ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ሮጬ ሚኒባስ ይዤ ቤት ስደርስ ጌታሁን በሸሚዝ ብቻ ዝናብ ላይ ቆሟል። ከጎኑ ትናንት ቀለም የተቀባው የጂፗ የሞተር ክዳን፣ ኮፈኖው፣ አለ። ኮፈኖው ላይ ደግሞ፣ ከነጥለቱ፣ ጋቢዬ ተዘርግቷል። ያልደረቀው አረንጓዴ ቀለም መሀል ለመሀል ጠጥቶታል።

«ቀለሙ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለኝ። «ሳጥኑን ስከፍት መጀመሪያ ያገኘሁት እሱን ነው።»

መጮህ ፈልጌ ነበር። ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ በአንድ ቃል ዝም አሰኝ የነበርኩት ሴት ድምፄን ፈልጌ አጣሁት። ገብቼ ሦስት ቀሚስ በፌስታል ያዝኩና ወጣሁ። እሱም አልተከተለኝም። ዝናቡ ውስጥ እንደቆመ ነው የተውኩት፣ በአንድ እጁ የጋቢውን ጫፍ እንደያዘ።

የሄድኩት ጨንቻ ነው፣ አበበች ዘንድ። አበበች ድሮ አብራኝ ያስተማረች፣ ባሏ የሞተባት ጓደኛዬ ናት። ጨንቻ እንደምታውቁት ከደመና ጋር ግቢ የምትጋራ ከተማ ናት፤ ጠዋት በር ስትከፍቱ ጉም «እንደምን አደራችሁ» ሳይል ይገባል። አራት ቀን ሙሉ በሰው ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው የአፕል ዛፍ በጉም ሲጠፋና ሲመለስ እያየሁ ተቀመጥኩ። አበበችም አልጠየቀችኝም። ጎበዝ ጓደኛ መልሱን እስክታገኚው ትጠብቅሻለች።

በሦስተኛው ቀን ጌታሁን ደወለ።

«ጋቢውን አጠብኩት» አለ።

«በምን?»

«በቤንዚን።»

ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እስከማለቅስ ሳቅሁ። አበበች የትኛው እንደሆነ ለማየት አንገቷን ብቅ አደረገች። እኔም አላወቅኩትም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጎረቤቷ ከታች በሚኒባስ መጥታ፣ ነጠላዋን እያራገፈች «ቲቸር፣ ባልሽ ከከተማው በታች ኩርባው ላይ ነው ያለው። መኪናው ይጨሳል፤ ሰውየውም ብቻውን ይናገራል» አለችኝ።

«የማን መኪና?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! አረንጓዴ ናት።»

የአበበችን ጫማ አድርጌ ወረድኩ። ጉሙ እንደ ወተት ረግቷል፤ የገዛ እግሬን አላየውም። ከቀርከሃው ጥግ ስታጠፍ መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የሞቀ ብረትና የተቃጠለ ዘይት። ቀጥሎ ጂፗ ታየችኝ። ከፊቷ እንፋሎት እየወጣ ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል። በአራት ጎማ ቆማ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ጌታሁን መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የክት ኮቱን ለብሷል። በሁለት እጁ እርጥብ ሣር ይዟል።

ሣሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። በጋሞ አገር እርጥብ ሣር ይዞ የሚንበረከክን ሰው አልፎት የሚሄድ የለም። ለመገዳደል የተሰለፈ ጎረምሳ እንኳ ሽማግሌ ሣር ይዞ ፊቱ ሲንበረከክ ዱላውን ይጥላል። ጌታሁን ደጅ ድረስ መጥቶ ሊንበረከክልኝ ነበር ያሰበው። ጂፗ ቀድማው ተንበረከከች።

ሲያየኝ ተነሥቶ ጉልበቱን ሊያጥፍ ጀመረ።

«ተው! ኮትህ ይቆሽሻል» አልኩት። ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ወደ ከተማው በኩል በአገጩ እያመለከተ፣ «ሰላማዊት የተወለደች ዕለት ትዝ ይልሻል?» አለኝ። ሰላማዊት የመጀመሪያዋ ልጃችን ናት። ያኔ እዚህ ጨንቻ ነበር የምንኖረው።

«እንዴት አይለኝም?»

«እሑድ ጠዋት ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ጂፕ ግቢያችን ቆማለች። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። የስምሪት ወረቀት ግን የለኝም፤ የሚፈርመው አለቃ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ያለ ወረቀት ካወጣሁ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። አንቺን በእግርሽ፣ በዚያ ዳገት፣ በየአጥሩ እየተደገፍሽ ሆስፒታል ድረስ ወሰድኩሽ። ቁልፉ በየእርምጃው ኪሴ ውስጥ ይንቃጨላል።» ሣሩን አየው። «አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሽኝም።»

እውነትም አልጠየቅኩትም። ምጥ ላይ ያለች ሴት ስለ ስምሪት አታስብም፤ ከወለድኩ በኋላ ደግሞ የማስበው ሌላ ነገር ነበረኝ። እሱ ግን ያን ዳገት ሠላሳ ስንት ዓመት ሲወጣው ኖሯል።

«ላንቴ ሳያት ወዲያው አወቅኋት» አለኝ። «ወለሏ ላይ በገዛ እጄ ያስበየድኩት ቁራጭ ብረት አለ። በጨረታ ተሽጣ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ እዚያ ወድቃ ነው። ራሷ ናት፣ ወይንሸት። ሠርቼ አንዴ ላስቀምጥሽ ብዬ ነው። ጣሪያውም፣ ገንዘቡም… ዓይኔን ጋረደኝ። ጋቢሽንም አላየሁትም። ጨርቅ ነው የመሰለኝ።»

«እኔ እኮ ስለ ጂፕ ተቆጥቼብህ አላውቅም» አልኩት። ይሄ ውሸት ነው፤ ግን አንዳንድ ውሸት የሚነገርበት ቦታ አለው። «በጋቢው ነው የተቆጣሁት። ሁለት ዓመት አጠገብህ ተቀምጬ ስፈትል፣ የምሠራው ምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኸኝም።»

ቀና ብሎ አየኝ። የሠላሳ ዓመት ጥፋቱን ይዞ መጥቶ፣ የሁለት ዓመቱን ረስቶት ቀርቶ ኖሯል።

«አልጠየቅኩም» አለ ቀስ ብሎ። «እውነትሽን ነው። አልጠየቅኩም።»

ሣሩን ሰጠኝ። ተቀበልኩት።

ከምንጭ ውሃ ቀድተን ራዲያተሯን ሞላን፣ ተነሣች። እኔም ሦስት ቀሚሴን ከአበበች ቤት አምጥቼ ከፊት ተቀመጥኩ። ቁልቁል ስንወርድ ጉሙ ከሥራችን ተቀደደ፤ አባያ ቀይ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆነው ጎን ለጎን ተኝተዋል። ጌታሁን በሁለተኛ ማርሽ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነው የሚነዳው። ነፋሱ በሌለው በር እየገባ ቀሚሴን ይነፋዋል።

ዶርዜ ላይ አንዲት አሮጊት የቀርከሃ ቅርጫት ተሸክመው እጃቸውን አነሱ። አሳፈርናቸው። ከኋላ ተመቻችተው፣ ወንበሩን መታ መታ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይቺ መኪና የመንግሥት ነች?» አሉት።

ጌታሁን ሠላሳ ሁለት ዓመት «አዎ» ሲል ኖሯል። አሁን መሪውን እንደያዘ አንድ ኩርባ ታጠፈ።

«አይደለችም እማማ» አለ። «የእሷ ናት።»

አሮጊቷ እኔን ከላይ እስከ ታች አይተው መረቁኝ። ልቤ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። በዚህ ዕድሜ በጎን መስታወት ፀጉሬን እንዳስተካከልኩ ብቻ እወቁልኝ።

አሁን ሰላም ነን። ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል። ደግሞም ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር በተሰበረ ቁጥር ጌታሁን እጁን እየጠረገ ወደ ጓዳ ብቅ ይልና በትሕትና እንዲህ ይለኛል፦

«ወይንሸት፣ መኪናሽ ባትሪ ትፈልጋለች።»