ሰባተኛው አያት በይደር

ወሬ መጀመርማ ማንም ይችላል። ችግሩ የት ላይ እንደሚቆም ማወቁ ነው፤ እኛ የመካነ ሰላም ሰዎች ደግሞ በዚህ በኩል አልታደልንም። አንዱ ከአጅባር ገበያ ስለገዛው በሬ ሊያወራችሁ ይጀምርና የበሬውን እናት፣ የእናቲቱን ባለቤት፣ የባለቤቱን የድንበር ክርክር ሁሉ ይዞራል። እናንተ ቤታችሁ ገብታችሁ እራት ስትበሉ እሱ በራችሁ ላይ ቆሞ ገና በሬውን አልገዛም።

ይህን የማነሳው ያለ ነገር አይደለም። የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ሳለ፣ በትምህርት ቤታችን የንባብ ቀን “ስለ ተረት አንድ ነገር በል” ተባልኩ። ስለ እኛ ተረት እንዳላወራ የተጋበዙት ሽማግሌዎች ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ስለዚህ ሊያርሙኝ የማይችሉበት አገር ፈለግሁ፤ ኒውዚላንድንና ቻይናን አገኘሁ። ማኦሪ የሚባሉት የኒውዚላንድ ሰዎች፣ አልኩ ከስልኬ ላይ እያነበብኩ፣ ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ ከስማቸው በፊት ተራራቸውንና ወንዛቸውን ይጠራሉ። የአያት ቅድመ አያቶቻቸውን ስም በቃል ሲቆጥሩ ታዲያ አንድ ስም መሳት ክፉ ምልክት ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለውን እነሱም ሳይደርሱበት አልቀሩም። የቻይናው ተራኪ ደግሞ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሲተርክ ይቆይና፣ ልክ ጀግናው ላይ ሰይፍ ሲመዘዝ፣ ጠረጴዛውን በእንጨት ቁራጭ ቋ አድርጎ “የቀረውን ማወቅ የፈለገ ነገ ይምጣ” ብሎ ይነሳል። ተማሪዎቹ አዛጉ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት አያ ይመር ግን ከዘራቸውን ዳበስ ዳበስ ሲያደርጉ አየሁ። ልብ አላልኩትም።

አያ ይመር የዘር ቆጣሪያችን ናቸው። ተወልደው ያደጉት ለጋምቦ፣ የኖሩት እዚህ እኛው ቦረና ነውና የሁለቱንም አገር ሰው እስከ ሰባት ቤት በቃላቸው ያውቁታል። ሁለት ወጣቶች ሲፈላለጉ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በሰባት ቤት ውስጥ አንድ የጋራ አያት ከተገኘ ጋብቻ የለም፤ ቄሱም አይባርኩ፣ ዘመድም ዳስ አይገባ። የእህቴ ልጅ መሠረት የለጋምቦ አቀስታውን ነርስ ሰለሞንን ለማግባት በቆረጠች ጊዜም፣ አንድ እሁድ ሁለቱ ቤተሰቦች እህቴ ቤት ተሰበሰቡ፤ በግ ታረደ፤ አያ ይመር ተጠሩ።

ከአባት ጀመሩ። አንድ ስም ከልጅቱ ወገን፣ አንድ ስም ከልጁ ወገን እየጠሩ፣ ይህኛው በቅሎ የጣለችው፣ ያኛው ሚስቱን እንደኮረፈ ያረጀ እያሉ፣ በየስሙ ላይ አንዳንድ ጉድ እየመረቁ ወደ ላይ ወጡ። ስድስተኛው ቤት ደረሱ፤ አልተገናኙም። መሠረት ጓዳው በር ላይ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

“ሰባተኛው...” አሉ አያ ይመር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ቋ አደረጉና፣ “የቀረውን ማወቅ የፈለገ የሳምንት እሁድ ይጥራኝ” ብለው ተነሱ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

እህቴ ነገሩ ወዲያው ገባት፤ ሽማግሌው ሁለተኛ በግ አምሯቸዋል። የሰለሞን አጎት ደግሞ “ስሙ ጠፍቷቸው ነው” አለ። መሠረት ግን ሳምንቱን ሙሉ እህል በወጉ አልቀመሰችም። “ጋሼ፣ ያስተማሯቸው እርስዎ ነዎት፤ ያስጨርሷቸውም እርስዎ” አለችኝ ዓይኗ ቀልቶ። አንጀቴን በላችው። በቻይናም በራሴም ተናደድኩ።

በሳምንቱ ሁለተኛው በግ ወደቀ። አያ ይመር በልተው፣ አመስግነው፣ አፋቸውን ጠርገው ተስተካክለው ተቀመጡ።

“አብሽሩ” አሉ። “ማኦሪ የሚባሉ ደጋግ ሰዎች አሉ፤ መምህራችን ነው የነገረን። እነሱ ከሰው ስም በፊት ተራራና ወንዝ ነው የሚያስቀድሙት። የልጅቱ ተራራ እዚህ ቦረና፣ የልጁ ተራራ እዚያ ለጋምቦ። የዚህ ውሃ በዚህ ገደል ይወርዳል፣ የዚያ ውሃ በዚያ። በተራራም በወንዝም ያልተገናኘ ሰው በምን ይዛመዳል? ወላሂ፣ ዘመድ አይደሉም። ይጋቡ።” ወላሂ ሲሉ እንዳትደነግጡ፤ አያ ይመር የማርያም ማኅበርተኛ ናቸው፤ ወሎ ነው እንግዲህ።

የሰለሞን አጎት ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ሁለቱም ውሃ ዞሮ ዞሮ አባይ ይገባ የለም እንዴ?” አለ።

ውሃዎቹ የት እንደሚገናኙ እኔ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ካርታ ላይ በጣቴ አሳያለሁ። ጓዳው በር ላይ የቆመችውን መሠረትን አየኋት፤ ከሳምንት በኋላ ገና መሳቋ ነበር። አንድ ትልቅ ሥጋ ጎረስኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሰርጉ ተበላ። ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ አያ ይመርን ዳሱ ጥግ ላይ አገኘኋቸውና፣ “እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሰባተኛውን ረስተውት ነው ወይስ አውቀው ደብቀውት?” አልኳቸው። ሙሽሮቹን ጥቂት አዩ። ጠጋ አሉኝ።

“ሰባተኛው...” ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ከዘራው ቋ አለ።

“የቀረውን በልጃቸው ክርስትና።”