ፊንላንድ የት ገባች?

ሴት ልጅ ያለችው አባት ሁሉ ተጠራጣሪ ነው። አንዱ የስልክ ጥሪ ይጠረጥራል፣ ሌላው ሽቶ። የኑኃሚን አባት፣ ክቡር አቶ ብርሃነመስቀል፣ ጡረተኛው የፋይናንስ ሹም፣ የሚጠረጥሩት ግን የዓለምን የወረቀት ንግድ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሥራ ላይ ሳሉ ነው። ለዓመታት ከፊንላንድ ይመጣ የነበረው የፎቶ ኮፒ ወረቀት አንድ ቀን ድንገት የኢንዶኔዥያ ሆነ። "እዚህ ነገር ውስጥ የተደበቀ እጅ አለበት" አሉ። ጡረታ ሲወጡ ኑኃሚን ከመሥሪያ ቤቷ ኢንተርኔት የሁለቱን አገሮች የወረቀት ኤክስፖርት ገቢ በየዓመቱ አትማ እንድታመጣ አዘዟት። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ካርቶን ለጥፈው ሁለት መስመር አሰመሩ፤ ቀይዋ ፊንላንድ ቁልቁል፣ ሰማያዊዋ ኢንዶኔዥያ ሽቅብ።

ጎረቤታቸው ጋሽ ኤርጫፎ መጀመሪያ ሲያዩት ክው አሉ። "ሰማያዊው የዓባያ ሐይቅ ነው? እንዲህ ከሞላማ ዳር ላይ ያለው የጫኖ ሙዛችን አለቀለት!" ሐይቅ አለመሆኑ ቢነገራቸውም እስከ ዛሬ ከልባቸው አላመኑም።

ፊንላንድ በወረደችበት ዓመት ስኳር ከተወደደ፣ እጅ አለበት። መብራት ከጠፋም እጅ አለበት። የፈረንጅ ዓመት ከእኛ ቀድሞ መሄዱ ራሱ ለአቶ ብርሃነመስቀል አይዋጥላቸውም፤ "ምን አስቸኮላቸው?" ይላሉ።

ኑኃሚን ይህን ሁሉ እየሳቀች አሳልፋዋለች፤ እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ። በዚያ ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ዳና ሽማግሌ ላከ። ዳና የምዕራብ ዓባያ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፤ ትወደዋለች። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ የሚሸጠው የኢንዶኔዥያ ወረቀት ነው።

ሽማግሌዎቹን የመሩት ጋሽ ኤርጫፎ ነበሩ። ኑኃሚን ከመጋረጃው ጀርባ ታዳምጣለች። አባቷ የልጁን ዘር አልጠየቁም፤ ጠባዩንም አልጠየቁም።

"ይህ ልጅ ሱቅ በከፈተ ማግሥት ኢንዶኔዥያ ሽቅብ ወጣች" አሉ ወደ ግድግዳው እየጠቆሙ። "ፊንላንድ የት ገባች?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"ጌታው፣ እኛ ስንመጣ መንገድ ላይ አላገኘናትም" አሉ ጋሽ ኤርጫፎ በትሕትና።

"አንዷ ሌላዋን እየበላች ነው። ይህ ሳይጣራ ልጄን አልሰጥም። አዲሱ ቁጥር ሲወጣ ተመለሱ።"

ኑኃሚን አላስቻላትም፤ ወግ ጥሳ ብቅ አለች። "አባዬ፣ ቁጥሩ ወጥቷል እኮ! ባለፈው ሳምንት አምጥቼ አንብቤልህ የለም እንዴ? ሁለቱም አብረው ከፍ ብለዋል። ማንም ማንንም አልበላም!"

 አቶ ብርሃነመስቀል መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉ፤ ደጋግመው ጠረጉ።

"አውቃለሁ" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ ስትሄጂ ማን ያመጣልኛል?"

ኑኃሚን ሄዳ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ያን ሁሉ ዓመት ያመጣችውን ወረቀት ብቻቸውን አንብበውት አያውቁም፤ ሁልጊዜ "ነይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይና አንብቢልኝ" ነበር የሚሏት።

"ዳና ያመጣልዎታል" አሉ ጋሽ ኤርጫፎ ቀስ ብለው።

"የኢንዶኔዥያ ወረቀት የሚሸጥ ሰው የኢንዶኔዥያን ቁጥር ሊያመጣልኝ?" አቶ ብርሃነመስቀል መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ሁለታችሁ አንድ ላይ ይዛችሁ ካልመጣችሁ አላምንም። ደግሞ በዓመት አንዴ አይበቃም፤ በየእሑዱ ይጣራል።"