ቆሻሻችንን ለእኛ ተዉልን

«መንግሥት ደጃፌን አይርገጥ» የሚል ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። አብዛኛው ግን ይህን የሚለው ሶፋው ላይ ተንጋሎ ነው። ክብርት ወይዘሮ ዶርካስ ፔልኪ የሚሉት ቆመው፣ ያውም የቆሻሻ መጣያው በር ላይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የሳምንት ጥራጊዬን በመኪና ጭኜ ስደርስ ገጠሙኝ። እኛ በአሜሪካዋ የኒው ሃምፕሸር ግዛት የምንኖር ሰዎች ዘንድ ድምፅ የሚለምን ሰው ገበያ ለገበያ አይዞርም፤ መጣያው ዘንድ ይቆማል፣ መራጩ ቆሻሻውን ተሸክሞ በገዛ እግሩ ይመጣለታል። የሰባ ዓመቷ ወይዘሮ ለግዛቱ ምክር ቤት እየተወዳደሩ ነው። ምክንያቱም እዚያው እግራቸው ሥር ነው፤ ዋና ከተማው ኮንኮርድ የተቀመጡ ሹማምንት መጣያችንን ዘግተው ሩቅ ወዳለ ትልቅ መጣያ ሊሰዱን አስበዋል።

«ቆሻሻው የማን ነው?» አሉኝ፣ ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ።

«የእኔ ነው፣ እሜቴ።»

«መሬቱስ?»

«የመንደሩ።»

«ታዲያ የኮንኮርድን ሰው ምን ጥልቅ አደረገው?»

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ሲባል ሰምቻለሁ። በገዛ ጥራጊዬ ስሟገት ግን የመጀመሪያዬ ነው።

የምርጫ ዓላማቸውን ለጠየቀ ሁሉ በቃላቸው ይወርዱታል፦ «አንደኛ፣ ተዉን። ሁለተኛ፣ ተዉን ስንል የምራችንን ነው። ሦስተኛ፣ ስንፈልጋችሁ እንጠራችኋለን፤ ደጅ ደጁን ግን አትዩ።»

ይህን እያሉኝ ጎረቤታችን ኤቨረት የተሰባበረ አልጋ እየጎተተ መጣ።

«ዶርካስ፣ ካሸነፍሽ ቤቴ ፊት ያለውን መንገድ ጎርፍ እየበላው ነውና ግዛቱ ቱቦ ያስቀብርልኝ።»

«ግዛቱ ቤትህ የት እንደሆነ አያውቅም። ይህን የመሰለ ጸጋ ይዘህ ታማርራለህ? አካፋ አለህ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ትራክተሬን ይዤ እመጣለሁ። ቁርስ ካልጠበቀኝ ግን ብቻህን ትቆፍራለህ!»

«ያኛው ተወዳዳሪ እኮ ቃል ገብቶልኛል። አንቺ ጭራሽ ቁፋሮ ታዢኛለሽ!»

«ቃሉን ቅበረዋ! ውሃ ያሳልፍ እንደሆነ እናያለን!»

ኤቨረት አልጋውን ትቶ ሳቁን ለቀቀው።

መጋቢት ላይ በተደረገው የመንደሩ ጉባኤም እንዲሁ ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ የአቅመ ደካሞችን ደጅ ከበረዶ ሲጠርጉ ስለከረሙ፣ የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍላቸው ተባለ። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። የተቃወመ አለ ወይ ሲባል አንዲት እጅ ብቻ ወጣች፤ የእሳቸው! «እዚሁ ከመንገዱ ማዶ ለምትኖር ሴት በሕዝብ ገንዘብ ቴምብር ይገዛል?» ብለው አዳራሹን አናወጡት። ውሳኔው ጸደቀ፤ ደብዳቤውን ግን እስከ ዛሬ አልከፈቱትም ይባላል።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔን ያስጨነቀኝ መሸነፋቸው ብቻ አይደለም። ቢሸነፉ መጣያችን ይዘጋል፤ ቢያሸንፉ ደግሞ ኮንኮርድ እሳቸውን ይወስድብናል። መንግሥት ይነስ ሲሉ እሰማለሁ፤ እዚህ መንደር ውስጥ ግን ከእሳቸው ሌላ መንግሥት አላየሁም።

ጥራጊዬን ጥዬ፣ ሞተር አስነስቼ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

«እሜቴ፣ ድምፄ የእርስዎ ነው። ግን ካሸነፉ እኛን ለማን ጥለውን ሊሄዱ ነው?»

የመኪናዬን ጣሪያ በመዳፋቸው ጠፍ ጠፍ አደረጉት።

«ጥዬ ልሄድ? በዓመት መቶ ዶላር ለሚከፍል ምክር ቤት? ሄጄ እምቢ ብያቸው ለራት እመለሳለሁ!»