እማማ ድንቄ የራሳቸውን ተዝካር የበሉበት ረቡዕ

“ዘንድሮስ ኑሮ አልተቻለም” የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር ፈገግ ይለኛል። አትቀየሙኝ፣ በሰው ችግር መሳቄ አይደለም። ይህን ቃል ሳልሰማ ያለፈ ዓመት ስለማላስታውስ ነው። ልጅ ሆኜ “ዘንድሮስ” ይባል ነበር፤ ሳገባም “ዘንድሮስ” ተባለ፤ አሁን ደግሞ ዓይኔ ደክሞ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅተኝ እናንተም ያንኑ “ዘንድሮስ” ይዛችሁ መጣችሁ። ያ ኑሮ ተቻለ የተባለበት ዓመት የትኛው እንደነበረ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይንገረኝ፤ ቁጭ አድርጌ እመርቀዋለሁ።

ደግሞ ምክር ልሰጣችሁ የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤት የሚያፈርሰው የዕለት ጉርሻ አይደለም። ጤፉ ሲወደድ ማሽላ አለ፣ ማሽላው ሲወደድ በቆሎ አለ፣ ሳሙና ሲጠፋ እንዶድ አለ፣ ላምባ ሲያልቅም በጊዜ መተኛት ነው፤ በጊዜ ተኛህ ብሎ የሚከስስ ዳኛ አላየሁም። ሆድ ትንሽ ካባበሉት ይሰማል። አልሰማ የሚለው ያ “ሰው ምን ይለኛል” የሚባለው ነው። እሱ በቆሎ አይበላም! ሠርግ ይላል፣ ክርስትና ይላል፣ ማኅበር ይላል፤ ሁሉንም አልፎ ደግሞ በአርባኛው ቀን ተዝካር ይላል። በኛ ጊዜ አንድ ሰው ሲሞት የሚቀበረው ሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ አፈር ውስጥ፣ አንዱ ዕዳ ውስጥ። ታዲያ አፈር ውስጥ የገባው ቢያንስ አርፏል።

ይኸው የምነግራችሁ ነገር የሆነው አዳማ ላይ ነው። ናዝሬት መባሏ ገና ነው፤ ጣልያንም ገና አልመጣም። ከተማ እንላታለን እንጂ የባቡር ጣቢያውና ዙሪያውን የተሰበሰቡ ጎጆዎች ናቸው፤ ነፋሱ ከጠዋት እስከ ማታ አቧራ ያድለናል፤ በነፃ የምናገኘው እሱን ብቻ ነበር። ባለቤቴ ሽፈራው ጣቢያው ላይ ጭነት መዛኝ ነው። ቡናና ቆዳ እየመዘነ ወደ ጅቡቲ ይሸኛል። በዚያ ዓመት ግን የቡናና የቆዳ ዋጋ ወደቀ ተባለ። የት እንደወደቀ እግዜር ይወቅ፣ ባሕር ማዶ ነው አሉ፤ እኛ የሰማነው ደመወዙ ሲቀነስ ነው። በደራ በኩል ይመጣልን የነበረውን እህል ደግሞ አንበጣ ቀደመን። እኔም ወገቤን ታጥቄ ጠላ እየጠመቅሁ ለጣቢያ ሠራተኞች መሸጥ ጀመርሁ።

እንዲህም ሆኖ እኛ ቤት ዕዳ አልነበረም። ይህን ስናገር ዛሬም ደረቴ ይነፋል፣ ምን ላድርግ! ሦስት ልጆች፣ አንዲት በቅሎ፣ ጎጆአችን ያረፈችባት ቦታ፣ አማቴ እማማ ድንቄ፤ ያለን ይህ ነው፤ የማንም እጅ ግን አልነበረበትም። እማማ ድንቄ ሰባን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ የቡልጋ ሴት ናቸው። ጥርሳቸው አልቆ ምላሳቸው ብቻ ቀርቷል፤ እሱ ደግሞ ለሁለቱም ይሠራል።

ታዲያ ክረምቱ ሊወጣ ሲል እማማ ድንቄን ንዳድ ያዛቸው። የቆላ ንዳድ ታውቁታላችሁ፤ ሲያንቀጠቅጥ ብርድ ነው፣ ሲለቅ እሳት ነው። ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። የነፍስ አባታቸው አባ ገብሬ መጥተው ንስሐ ተቀበሏቸው፤ ሲወጡም እኔን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽፈራው ይህን ሲያይ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። እኔ ጠበል ሊያመጣ የሄደ መስሎኝ ነበር። የሄደው ግን ግራዝማች ዘንድ ነው፤ ግራዝማች እኛ ሰፈር በአራጣ የሚያበድሩ ሰው ናቸው። ሲመለስ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ በሹክሹክታ ነገረኝ። ለእናቱ ተዝካር መቶ ብር ሊበደር ተስማምቷል፤ በቅሎዋም ቦታውም መያዣ ናቸው።

እስቲ ፍረዱኝ! ሴትዮዋ እኮ እየተነፈሱ ነው። አፌን ከፍቼ ገና አንድ ቃል ሳልናገር ከአልጋው ላይ ድምፅ መጣ።

“ስንት ተበደርክብኝ?”

ለካ ዓይናቸው ነው እንጂ የተከደነው ጆሯቸው ነቅቶ ኖሯል።

“እማዬ፣ አልተኛሽም እንዴ?” አለ ሽፈራው።

“ስንት አልኩህ!”

“መቶ… መቶ ብር።”

“ዕድሜዬን ሙሉ መቶ ብር አንድ ላይ አይቼ አላውቅም። ሞቼ ደግሞ አላየውም። ሰጥተውህ ከሆነ አሁን አምጣና ልየው።”

“ገና ነው። የፊታችን ሐሙስ ሳይሆን የሚቀጥለው ሐሙስ ነው የምፈርመው።”

እማማ ድንቄ ትንሽ አሰቡ። “እንግዲያው እስከዚያ አልሞትም” አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

አልሞቱም! በማግስቱ አጥሚት ጠጡ፣ በሦስተኛው ቀን ተነስተው ደጅ ተቀመጡ። ሽፈራው ደስታና ሐሳብ ተደባልቆበት ነበር፤ ምክንያቱም ግራዝማችን “ቀርቷል” አላላቸውም። እኔ ባልጠይቀውም ገብቶኛል፤ እናቱ ዛሬ ቢተርፉ ነገ አይቀሩም፣ ያን ጊዜ በባዶ እጁ እንዳይገኝ ነው። “ሰው ምን ይለኛል? የሽፈራው እናት እንደ ዶሮ ተቀበረች ይበሉኝ? ለአባቴ እኮ ሁለት በሬ ነው የተጣለው!” አለ አንድ ቀን፣ ብሶት ሲይዘው።

እማማ ድንቄ ከደጅ ሆነው ሰሙት። “ና ወዲህ” አሉት። “ለአባትህ ሁለት በሬ ጣልን፤ እውነት ነው። ሦስተኛውን ለዕዳው ሸጥነው። አራተኛ ስላልነበረን መሬታችንን በወለድ አገድ ሰጠን፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሌላ ሰው ያርሰዋል። ከቡልጋ አንስቶ እዚህ አቧራ ውስጥ ያመጣን ባቡሩ መስሎሃል? የአባትህ ተዝካር ነው ያመጣን። የኔስ ልጆችህን ወዴት ሊወስዳቸው ነው?”

እኔ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። እማማ ድንቄ ግን ነገሩን በዚያ የሚተዉ ሴት አልነበሩም፤ አባ ገብሬን አስጠሩና ተዝካሬን በቁሜ አወጣለሁ አሏቸው። የቁም ተዝካር መቼም አዲስ ነገር አይደለም፤ ዘር የሌለው ባለጸጋ ሲያደርገው ሰምተናል። ልጅ ያላት ደሃ ስታደርገው ግን አባ ገብሬም አላዩም።

“ፍትሐት እኮ ለሙት ነው፣ እማማ” አሉ አባ ገብሬ እየተጨነቁ።

“ጸሎቱን ስሞት ያደርሱልኛል፣ አባቴ። ጠላውን አሁን ይጠጣሉ። አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።”

“ይሁን እሺ። መቼ ይሁን?”

“ረቡዕ።”

“ረቡዕ? ጾም ነው እኮ!”

“አውቃለሁ” አሉ እማማ ድንቄ።

ያኔ ነው የገባኝ። ረቡዕ ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፤ ሰው የሚበላውም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ነው። በሬው የታለ ብሎ የሚያማን ቢኖር ራሱን ነው የሚያስገምተው። ቤተ ክርስቲያን የሠራችውን ሥርዓት እማማ ድንቄ ለጓዳችን መከታ አደረጉት። እኔ ለሽያጭ የጠመቅሁትን አንድ ጋን ጠላ ሰጠሁ፤ በቆሎና ባቄላ ቀቅዬ ንፍሮ አደረግሁ፣ ሽሮ ሠራሁ። ከማንም አንድ ቁና አልተበደርንም።

እንግዲህ ጉዱ ሰው መምጣት ሲጀምር ነው። እስቲ ራሳችሁን በእንግዶቹ ቦታ አድርጉ። ተዝካር ልትበሉ መጥታችኋል፤ ሟቿ ደግሞ ነጭ ለብሳ በር ላይ ቆማ ትቀበላችኋለች። ምን ትላላችሁ? ወተት የምታመጣልን አዴ ጫልቱ ልማድ ሆኖባት “አካም ጅርቱ፣ እማማ?” አለቻቸው። “ፈያ! ፈያ!” አሉ እማማ ድንቄ፤ በገዛ ተዝካራቸው ላይ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ማለታቸው ነው። አዴ ጫልቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ እየሳቀች ገባች። ጨው የሚነግዱት ጎረቤታችን ሼህ ሙሄ ግን በር ላይ ቆመው ቀሩ። ወሎዬ ናቸው፣ ነገር ያለ ወጉ አይናገሩም።

“እማማ፣ ለዚህ ምን ይባላል?” አሏቸው።

“እኔ እንጃ፣ ሞቼ አላውቅም። ይልቅ ግባና ብላ።”

ገቡም። በሌላ ተዝካር ቢሆን ለሙስሊም ጎረቤቶች ሌላ ዳስ ይጣላል፣ ሌላ ከብት በሌላ ቢላዋ ይታረዳል፤ ወጪው እጥፍ ነው፣ ጎረቤትም በሁለት ዳስ ተለያይቶ ነው የሚውለው። የዚያን ዕለት የታረደ ነገር ስለሌለ የሚለይም ነገር አልነበረም። ከጠላው በቀር ሁሉም ከአንድ ትሪ ንፍሮ ዘገነ፤ ለሼህ ሙሄ ብርዝ በጠበጥሁላቸው። እኔ እዚህ ከተማ ከገባሁ ጀምሮ አባ ገብሬና ሼህ ሙሄ ከአንድ ሰሐን ሲበሉ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሁለቱም ባቄላ ባቄላውን ሲመርጡ ነበር።

ግራዝማችም መጡ፣ ማን ይቀራል? ሽፈራው ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ግራዝማች ንፍሮውን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ሥጋውስ ለመቼ ነው?” አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። የሽፈራው ጆሮ ሲቀላ ከማዶ ይታየኛል። ያች ዝምታ ለአንድ አፍታ ብትረዝም ኖሮ በማግስቱ ሄዶ እንደሚፈርም አውቅ ነበር፤ በቅሎዋም ቦታውም በዚያች ዝምታ ውስጥ ነበሩ።

እማማ ድንቄ በትራቸውን ተደግፈው ወደ መሃል መጡ። “ሥጋ የለም፣ ግራዝማች። ዛሬም የለም፣ ስሞትም የለም። ተዝካሬ ይኸው ነው። ልጄ አልነፈገኝም፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት። አነሰ የሚል ካለ እኔ ሳለሁ ለኔ ይንገረኝ፤ ስሞት ልጄን እንዳያማ። በቃ የሚል ደግሞ ነፍስ ይማር ይበለኝ፤ በጆሮዬ ልስማ።”

በቁም ላለ ሰው ነፍስ ይማር ማለት እንዴት ይቀላል? መጀመሪያ የተነሱት ሼህ ሙሄ ናቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ “ነፍስ ይማር፣ እማማ” አሉ። አዴ ጫልቱ ተከተለች፣ አባ ገብሬ ቀጠሉ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ “ነፍስ ይማር! ነፍስ ይማር!” አለ። ግራዝማችም የመጨረሻው ሆነው ከከንፈራቸው በታች አሏት። “አሜን” አሉ እማማ ድንቄ፣ “በሉ አሁን ብሉ፣ ንፍሮው በረደ።” እኔ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። ሐሙስ ጠዋት ሽፈራው በቅሎዋን ውኃ ሊያጠጣ ወሰዳትና ይዟት ተመለሰ። ግራዝማች ዘንድ አልሄደም።

ከዚያ በኋላ እማማ ድንቄ አራት ዓመት ኖሩ። የከተማው ሰው ተጨነቀ። የበላኸው ተዝካር ባለቤት በየቀኑ በደጅህ ስታልፍ ባዶ እጅህን ደህና ዋሉ ማለት ያሳፍራላ! አዴ ጫልቱ ወተቱን ከልክ በላይ መቅዳት ጀመረች፤ ሼህ ሙሄ ጨው ሲመጣላቸው ቆንጠር አድርገው ይልካሉ፤ እማማ ድንቄም አላፈሩም፣ ገበያ ላይ ዋጋ አልቀንስ ያላቸውን ሁሉ “ተዝካሬን በልተህ?” ይሉት ነበር። ይቀንሳል። እንዲያ ባለ ክፉ ዘመን የኛ ጓዳ ሳይጎድል ከረመ ብላችሁ አታምኑኝም።

በአራተኛው ዓመት አረፉ፤ በእንቅልፋቸው ነው፣ ማንንም ሳያስቸግሩ። አባ ገብሬ እንደ ቃላቸው ፍትሐቱን አደረሱ። አርባው ቀን ሲደርስ እኛ አንድም ነገር አልደገስንም፤ ቃላቸው ነው። ሽፈራው ግን ከጠዋት ጀምሮ አላስቀምጥ ብሎታል፣ ደጅ ይወጣል፣ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ሰው መምጣት ጀመረ። ማንም አልጠራውም። ሁሉም አገልግል አንጠልጥሏል፣ እንስራ ተሸክሟል፤ ሼህ ሙሄ ፍየላቸውን አርደው ለሙስሊሞቹ ቤታቸው ውስጥ አሠርተው ይዘው መጡ፤ አዴ ጫልቱ እርጎ በቅል ሙሉ ይዛ ገባች። ግቢያችን ሞላ። እኔና ሽፈራው በገዛ ቤታችን እንግዳ ሆነን ተቀመጥን፣ ጉርሻም ይመጣልናል።

ሽፈራው ወደኔ ጠጋ አለ። ፊቱ ፈክቷል፣ ግን ልማድ አይለቅም። “እታለም” አለኝ በሹክሹክታ፣ “ይሄ ሁሉ ዕዳ አይደለም ወይ? ይሄን ሁሉ ሰው በምን እንከፍለዋለን?”

ግቢውን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። “አትጨነቅ” አልኩት፣ “ሁሉም ሟች ነው። በየተራ እንከፍላቸዋለን።”

ሳቁ አመለጠው። በእናቱ አርባ ቀን መሳቅ ነውር ስለሆነ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ ጎንበስ አለ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ሰዎቹ አዩትና ከበቡት። “አይዞህ፣ ሽፈራው፣ አይዞህ” አሉት፣ “እናት እኮ አትጠገብም።”